እሳት መጫርና ግንድ መቍረጥ

ስለ ጎረቤታሞች አገሮች የማገዶ ንግድ

በባላገር ቤት፥ ማታ በዐመድ የተዳፈነው ፍም ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረ እንደ ሆነ፥ የቤቱ እመቤት ብዙ አትጨነቅም። ልጇን ጠርታ ገል ታስይዘውና «ሂድ፥ ከጎረቤት እሳት ጭረህ ና» ብላ ትልከዋለች። ልጁም ከጎረቤት ደጅ ቆሞ ይጣራል፤ ባለቤቲቱም ከምድጃዋ ሁለት ሦስት ፍም አንሥታ በገሉ ላይ ታኖርለታለች። ስለዚህ ነገር ዋጋ አይጠየቅም፤ ብድር ነው ተብሎም አይቈጠርም። እሳት ቢሰጡት የማይጐድል ገንዘብ ነውና። ከአንድ ምድጃ ዐሥር ምድጃ ቢቀጣጠል የፊተኛው ምድጃ ሙቀቱ አይቀንስም።

ነገር ግን ያው ልጅ በማግስቱ ገሉን ትቶ ምሳር ይዞ ቢመጣና በጎረቤቱ ጓሮ የቆመውን ግራር ሊጥል ቢጀምር፥ ትናንት ፍም የሰጠችው እመቤት ዛሬ ትጮኻለች። ጩኸቷም ንፍገት አይደለም። የተሰጠ ፍም ወዲያው ይተካል፤ የወደቀ ግንድ ግን በአንድ ክረምት አይተካም። እሳትና እንጨት በአንድ ምድጃ ቢገናኙም ሥርዓታቸው ለየቅል ነው፤ እሳት የሚካፈሉት፥ እንጨት ግን የሚጠብቁት ነው።

በሁለት ቤቶች መካከል እንዲህ ግልጽ የሆነው ልዩነት በሁለት አገሮች መካከል ሲደርስ ይደበዝዛል። በመካከል ነጋዴ፥ ደላላ፥ የጭነት መኪና፥ ኬላና ቀረጥ ስለሚገባ፥ ምሳሩን የያዘው ማን እንደ ሆነ፥ ግንዱም የማን እንደ ነበረ አይታይም። ስለዚህ ጎረቤታሞች አገሮች ከዕፀዋት የሚገኘውን ማገዶ እንዲገበያዩ ሲታሰብ፥ አስቀድሞ የሚጠየቀው የዋጋና የመንገድ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ፥ ይህ ንግድ እሳት መጫር ነውን ወይስ ግንድ መቍረጥ የሚል ነው። የራሱን ደን በሕግ ጠብቆ የጎረቤቱን ደን በገንዘቡ የሚያነድ አገር በደለኛ ይባላልን? በደለኛ ከተባለስ ጎረቤታሞች ያለ በደል ማገዶ የሚለዋወጡበት ሥርዓት እንዴት ያለ ነው? ነገሩ እንዲያው በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር፥ በምሥራቅ አፍሪካ በቅርብ ዓመታት የሆነውን እየጠቀሱ መመርመር ይሻላል። (በዚህ ሐተታ የሚጠቀሰው ዓመት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

ከዕፀዋት የሚገኝ ማገዶ ሲባል እንጨትና ከሰል፥ ከሸንኮራ አገዳ ተረፈ ምርት የሚጣራው ኤታኖል የተባለው አልኮል፥ ከእበትና ከጥራጊ የሚወጣው ጋዝ፥ ከጉሎና ጉሎን ከመሰለ ፍሬ የሚጨመቀው ዘይት ሁሉ ማለት ነው። ይህ ነገር ለባለጠጎች አገሮች ከብዙ ምርጫ አንዱ ነው፤ ለድኾች አገሮች ግን የዕለት ኑሮ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ከሚኖረው ሕዝብ የሚበዛው ዛሬም ምግቡን የሚያበስለው በእንጨትና በከሰል ነው። ጭሱም የዋዛ አይደለም፤ በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ሁሉ የሞተው ሰው 3.2 ሚሊዮን ያህል እንደ ሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። በሌላ ወገን ነዳጅ ዘይት ከሩቅ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለ ሆነ የድኻ አገር ግምጃ ቤት ሁልጊዜ አይችለውም። ምድጃ ደግሞ ሳይነድ አይውልም። እንግዲህ ማገዶው ከቅርብ መምጣቱ ግድ ነው፤ ከቅርብ ማለትም ከገዛ ምድር ወይም ከጎረቤት ምድር ማለት ነው።

በ2018 መጀመሪያ የኬንያ መንግሥት የወንዞቹ ውሃ እየጐደለ መሄዱን አይቶ በመንግሥትና በማኅበረሰብ ደኖች ውስጥ ዛፍ መቍረጥን አገደ። እገዳው መጀመሪያ ለ90 ቀን ነበር፤ በኋላ ግን በየጊዜው እየተራዘመ እስከ 2023 ቆየ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ደን ሲራቈት ምንጭ እንደሚደርቅ የማያውቅ የለምና። ነገር ግን እገዳ ስለ ወጣ የናይሮቢ ሕዝብ እራቱን አልተወም። ከሰል ዋጋው ናረ፤ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ ድንበር ተሻግሮ የሚገባው ከሰልም ጕድለቱን ይሞላ ጀመር። ሕጉ ከኬላው ላይ ቆመ፤ የምድጃው ፍላጎት ግን ኬላውን አልፎ ሄደ።

ወዴት እንደ ሄደም ማየት ይገባል። በሰሜን ኡጋንዳ የሚኖረው የአቾሊ ሕዝብ ሃያ ዓመት ያህል በጦርነት መከራ ውስጥ ነበር። ከሕዝቡም የሚበዛው ቀዬውን ለቆ በመጠለያ ሰፈር ተከማችቶ ኖረ። እርሻው ጦሙን ባደረበት በዚያ ዘመን ዱሩ አንሰራራ። ከ2006 ወዲህ ጦርነቱ ረግቦ ሕዝቡ ወደ ቀዬው ሲመለስ፥ ከብቱ አልቆ ቤቱም ፈርሶ ባገኘው ጊዜ፥ በእጁ የቀረለት ሀብት ይህ የበቀለው ዱር ነበር። የልጅ ማስተማሪያ ክፍያ ይጠበቅበታል፤ ለመድኀኒትም ለዘርም ጥሬ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ከሰል ነጋዴው ገንዘቡን ይዞ ከደጁ ሲቆም «አይሆንም» ብሎ የሚመልስ አንጀት ከየት ይመጣል?

ከሚወድቁትም ዛፎች አንዱ ሺያ የሚባለው ነው። ሴቶች የሺያን ፍሬ ለቅመው ቅባት ያወጡበታል፤ ቅባቱም ለምግብ፥ ለገላና ለገበያ ይሆናል። ዛፉ ማፍራት እስኪጀምር ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጅበታል፤ ከጀመረ በኋላ ግን ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ ሲለቀም ይኖራል። እንጨቱ ጽኑ ስለ ሆነ ከሰሉ ይወደዳል፤ መወደዱም መጥፊያው ሆነ። ከሰል አከሳሰሉም ቢሆን አባካኝ ነው። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰል የእንጨት ቁልል 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ6 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ያልቃል። ስለዚህ አንድ ጆንያ ከሰል ድንበር ሲሻገር፥ በኋላው የቀረው የብዙ ጆንያ ዐመድና ጭስ ነው። በ2023 ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ በሰሜን ኡጋንዳ ለንግድ ከሰል ማክሰል እንዲቆም አዘዙ። እንግዲህ አንዱ ከለከለ፥ ምሳሩ ወደ ሁለተኛው ተሻገረ፤ ሁለተኛው ደግሞ ከለከለ። ቀጥሎ ምሳሩ የሚሻገርበት ሦስተኛ ጎረቤት ማን ይሆን?

በዚህ ነገር ሦስት ዓይነት ክርክር ይነሣል። የመጀመሪያው የነጋዴ ክርክር ነው። «ሻጩ ወዶ ሸጠ፤ ገዢውም በገንዘቡ ገዛ፤ በመካከል በደል ከየት ገባ?» ይላል። ይህ ክርክር ላይ ላዩን ሲያዩት እውነት ይመስላል። ነገር ግን የጆንያው ዋጋ ምን ምን እንደ ተከፈለበት ቢመረመር ጕድለቱ ይታያል። በዋጋው ውስጥ የቈራጩ ድካም አለ፤ የአክሳዩ እንቅልፍ ማጣት አለ፤ የጆንያው፥ የመኪናው፥ የደላላው፥ አንዳንድ ጊዜም የጕቦው ዋጋ አለ። የዛፉ ዋጋ ግን የለም። ዛፉን ማንም አልተከለውም፤ ስለዚህ ማንም ዋጋውን አልጠየቀም። ገዢው ርካሽ ማገዶ አገኘሁ ሲል፥ ርካሽነቱ የመጣው አንዱ ነገር ሳይከፈልበት በመቅረቱ ነው። ያልተከፈለውንም ዕዳ የሚከፍለው ከሺያው ጥላ ሥር ፍሬ ትለቅም የነበረች ሴት ልጅ ናት። እርስዋ ደግሞ ገበያው ሲቆም አልተጠየቀችም። ወዶ ሸጠ የሚባለውም ሰው ቢሆን የሸጠው የገዛ ራሱን ብቻ አልነበረም።

ሁለተኛው የሹም ክርክር ነው። «መንግሥት የሚጠየቀው ስለ ገዛ ምድሩ ነው፤ የጎረቤትን ደን የሚጠብቀው ጎረቤት ነው» ይላል። በዚህም ውስጥ እውነት አለ፤ ማንም ሹም በሌላው አገር ዳኛ ሆኖ ሊቀመጥ አይችልም። ነገር ግን ሸክምን ከራስ ትከሻ ማውረድና ሸክምን በሌላ ትከሻ ላይ መጫን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከልካዩ አገር ፍላጎቱን ሳይቀንስ ቍርጡን ብቻ ከከለከለ ደን አላዳነም፤ የሚወድቀውን ደን ቦታ ለወጠ እንጂ። በራሱ ምድር ወንጀል ብሎ የቀጣውን ሥራ በጎረቤቱ ምድር ንግድ ብሎ ከተቀበለው፥ ሕጉ የፍርድ ሕግ መሆኑ ቀርቶ አጥር ብቻ ይሆናል። አበው «ጎረቤት ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ» ያሉት ስለ ስም ብቻ አይደለም። ደመናና ወንዝ የኬላ ወረቀት አይጠይቁም፤ በአንዱ አገር የተራቈተ ተራራ በሌላው አገር ጐርፍ ሆኖ ይወርዳል።

ሦስተኛው የቍጡ ክርክር ነው። «እንግዲያው ሁሉም መንግሥታት በአንድነት ይከልክሉ» ይላል። መከልከል ግን ቀላል ነው፤ ከከለከሉ በኋላ እራት ማብሰያ መስጠት ነው የሚከብደው። ታንዛኒያ በ2006 ከሰልን ከልክላ ነበር፤ ዋጋው ወዲያው ስለ ናረና ሕዝቡ ስለ ተጨነቀ እገዳው ብዙም ሳይቆይ ተነሣ። በቻድም በ2009 በረሓው እንዳይስፋፋ ተብሎ ከሰል በብርቱ ትእዛዝ ታገደ፤ በእንጃሜና ከተማ ግን ምትክ ያላገኙ ቤተ ሰቦች የቤት ዕቃቸውን እስከ ማንደድ ደረሱ። ሁለቱም መንግሥታት ስለ ደኑ ያሰቡት መልካም ነበር፤ ስለ ምድጃዋ ባለቤት ግን አላሰቡም። ምትክ የሌለው ክልከላ የድኻዋን ድስት ከእሳት ላይ እንደ ማውረድ ነው፤ የባለጠጋው ምድጃ በኤሌክትሪክና በጋዝ ይነዳልና እገዳው አይሰማውም።

ፍላጎትም ሁሉ አንድ ሚዛን እንደሌለው መለየት ያስፈልጋል። ከደቡብ ሶማሊያ የግራር ዛፎች የተከሰለው ከሰል በኪስማዩ ወደብ እየተጫነ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲሄድ ኖሯል። በዚያ የሚነደው የሚላስ የሚቀመስ ላጣ ቤት አይደለም፤ ለሺሻና ለጥብስ ነው። ከንግዱ የሚሰበሰበውም ቀረጥ አልሸባብ ለተባለው ታጣቂ ቡድን ገቢ ሆነ። ስለዚህ በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በቍጥር 2036 ውሳኔው የሶማሊያ ከሰል እንዳይወጣም እንዳይገዛም ከለከለ። የናይሮቢዋ እናት ለልጆቿ ሽሮ የምታበስልበትና የባሕር ማዶው ሰው ጢስ የሚጫወትበት ከሰል ከአንድ ዓይነት ግንድ ቢወጡም በአንድ ፍርድ አይዳኙም። እርስዋን የሚነቅፍ ምትክ ሊሰጣት ይገባዋል፤ እርሱን ግን ተው ማለት ብቻ ይበቃል።

እንግዲህ ንግዱ ሁሉ ክፉ ነው ወደሚል መደምደሚያ መሮጥ አይገባም። «አንድ ሰው አይፈርድም፤ አንድ እንጨት አይነድም» ይባላል፤ ጎረቤትም ለጎረቤት ካልሆነ ለምን ተሠራ? የሚያስፈልገው እሳት መጫርን የሚመስለውን ንግድ ከግንድ መቍረጥ ለይቶ ማወቅ ነው። መለያውም አንድ ነው፤ የተሸጠው ነገር በሻጩ ምድር ተመልሶ ይተካልን ወይስ አይተካም?

ማላዊ የባሕር በር የሌላት አገር ናት፤ ቤንዚን የሚደርሳት በሩቅ መንገድ በብዙ ወጪ ነው። በ1982 በድዋንግዋ ከስኳር ፋብሪካው አጠገብ ማጣሪያ አቁማ፥ ስኳሩ ከወጣለት በኋላ ከሚቀረው ሞላሰስ ኤታኖል እያወጣች ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ጀመረች። በዚህ ሥራ የሰው እራት አልተነካም፤ ስኳሩ አስቀድሞ ወጥቷልና። ደንም አልወደቀም፤ አገዳ ቢቈረጥ ከሥሩ እንደ ገና ያቈጠቍጣልና። ከ1 ቶን ሞላሰስ 250 ሊትር ያህል ኤታኖል ይገኛል። ለአንድ ቤተ ሰብ ምድጃ በቀን 1 ሊትር ቢታሰብ፥ ሌላ ጊዜ ተደፍቶ ይቀር የነበረው ተረፈ ምርት ከስምንት ወር የሚበልጥ እራት ያበስላል ማለት ነው። ለጎረቤት ቢሸጥ የሻጩን ምድር የማያራቍት ማገዶ እንዲህ ያለው ነው።

ኢትዮጵያም ለዚህ ነገር ምስክር አላት። በጅጅጋ አቅራቢያ ባለው በቀብሪ በያህ ሰፈር የሶማሊያ ስደተኞች ከ1991 ወዲህ ተጠልለው ይኖራሉ። ሴቶቹ እንጨት ፍለጋ ርቀው በሄዱ ቍጥር ዱሩ ይመናመናል፤ ከአካባቢው ነዋሪዎችም ጋር ጠብ ይነሣል፤ በመንገድም የሚደርስባቸው ጥቃት ነበር። ከ2005 ገደማ ጀምሮ በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተጣራ ኤታኖል በመኪና እየተጫነ ወደዚያ ሰፈር ሄደ፤ ለቤተ ሰቦቹም በኤታኖል የሚነድ ምድጃ ታደለ። የወለጋ አገዳ ትራፊ የሶማሌን ስደተኛ ድስት ጣደ ማለት ነው። ድንበር የተሻገረው ሰው ነበር፤ እሳቱ ግን የተሰጠው እንደ ጎረቤት ሥርዓት ነው። የተጣላውንም ያበረደ፥ ዛፉንም ያዳነ፥ የሰጪውንም ደጅ ያላጐደለ ሥራ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ በ2008 በአዲስ አበባ ኤታኖልን ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ፤ መጀመሪያ ከመቶ 5፥ በኋላም ከመቶ 10 እጅ ሆነ። ይህም የአገርን የውጭ ምንዛሪ ለማዳን የተደረገ ነውና የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ያችው አንዲት ሊትር ሁለት ፈላጊ አገኘች፤ መኪናና ምድጃ ይሻሟት ጀመር። በገበያ ሕግ ብቻ ከሆነ የሚረታው አብልጦ የሚከፍለው ነው። ስደተኛይቱ ከመኪና ባለቤት ጋር ልትጫረት አትችልም። ስለዚህ ገበያ ከመቋቋሙ በፊት ማን እንዲቀድም መወሰን ግድ ይሆናል። ቅደም ተከተሉም ለኅሊና የተሠወረ አይደለም፤ አስቀድሞ እንጀራ፥ ቀጥሎ ምድጃ፥ በመጨረሻ መንኰራኵር።

እንጀራ ይቅደም የተባለበትም ምክንያት ከባድ ነው። ከ1 ቶን በቆሎ 400 ሊትር ያህል ኤታኖል ሊወጣ ይችላል። ነገር ግን ለአንድ ሰው በዓመት 200 ኪሎ እህል ቢታሰብ፥ ያው 1 ቶን የ5 ሰው የዓመት ቀለብ ነው። በ2007 እና በ2008 የእህል ዋጋ በዓለም ሁሉ ሲንር፥ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፥ በባለጠጎች አገሮች በቆሎው ወደ ነዳጅ ማጣሪያ መዞሩ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። በዚያው ጊዜ በወላይታ ገበሬዎች ከእህል ማሳቸው ከፍለው ለነዳጅ የሚሆን ጉሎ እንዲዘሩ ተመክረው ነበር። የተነገረላቸው ምርትና ገበያ እንደ ተስፋው አልሆነም፤ ጉሎ ደግሞ አይበላም። ማሳው ጠባብ የሆነ ገበሬ አንድ ዓመት ቢሳሳት የሚከፍለው በሆዱ ነው። እንግዲህ ለመንኰራኵር ተብሎ ከእህል ማሳ ላይ የሚቈረስ ማገዶ፥ ዛፍ ባይወድቅበትም፥ ግንድ ከመቍረጥ ይቈጠራል።

ከሰልም ራሱ በተፈጥሮው የተረገመ ነገር አይደለም። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዓይነት በገዛ ማሳቸው ይተክላሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል እህል ይዘራሉ፤ ዐራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቈርጠው ያከስሉና መልሰው ይተክላሉ። ከሰሉ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ በወረዳውም ዛፍ በዛ እንጂ አላነሰም። እዚህ ላይ የዛፉ ዋጋ በጆንያው ዋጋ ውስጥ ገብቷል፤ ተካዩ ቈጥሮ ይሸጠዋልና። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ በዚህ ዛፍ ላይ ወርዶ ብዙ ተክል መጐዳቱ ደግሞ በአንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መመካት እንደማይገባ ያስተምራል። ቢሆንም የአዊው ጆንያና የአቾሊው ጆንያ በገበያ ጐን ለጐን ቢቆሙ መልካቸው አንድ ነው፤ አንደኛው ከመትከል፥ ሁለተኛው ከመንቀል መጡ እንጂ። ገዢው ይህን ለይቶ የሚያውቅበት ምልክት ከሌለው፥ ተካዩ ከነቃዩ ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም፤ የተከለ ሰው የደከመበትን ያስከፍላል፥ የነቀለ ግን ምንም አልደከመበትምና። እንዲህ ያለ ገበያ የሚቀጣው ቅኑን ነው።

ጎረቤታሞች መንግሥታት በአንድነት ሊሠሩ የሚገባቸውም ለዚህ ነው። አንድ መንግሥት ብቻውን ምልክት ቢያወጣ፥ ምልክት የሌለው ጆንያ በሌላው በር ይገባል። የአንድ አገር ማጣሪያም ለብቻው ቢቆም፥ ዝናብ በጐደለበት ዓመት አገዳው ያንሳል፥ በጠገበበት ዓመት ደግሞ ኤታኖሉ ገዢ ያጣል፤ ዐራት አምስት አገሮች ግን ቢተባበሩ የአንዱ ጥጋብ የሌላውን ጕድለት ይሞላል። ማጣሪያውም የራሱ መዘዝ አለበት፤ 1 ሊትር ኤታኖል ሲወጣ ከ10 እስከ 15 ሊትር አተላ ይቀራል። ይህ አተላ እንዲሁ ወደ ወንዝ ቢለቀቅ ዓሣውን ይፈጃል፤ ወንዙም ከታች ላለው ጎረቤት የሚወርድ ነው። ስለዚህ ማገዶውን በጋራ የሚሸጡ ሰዎች ስለ አተላውም በጋራ ሊማከሩ ግድ ይላቸዋል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች ከ2005 ጀምሮ አንድ የጕምሩክ ሥርዓት አቁመዋል፤ ኬንያም ኡጋንዳም ታንዛኒያም በዚያ ውስጥ ናቸው። ስለ ሸቀጥ ቀረጥ ተቀምጠው የተስማሙ መንግሥታት፥ በሌሊት ስለሚሻገረው ጆንያ መስማማት የማይችሉበት ምክንያት የለም።

ስምምነቱም በብዙ ቃል መርዘም የለበትም። አንደኛ፥ ማንም አገር ለገዛ ደኑ የከለከለውን ሥራ ከጎረቤቱ ደን የተገኘ ቢሆን አይግዛ። ሁለተኛ፥ ማገዶ ሁሉ ከየት እንደ መጣና ተተክሎ የተቈረጠ መሆኑን የሚገልጥ ምልክት ይኑረው፤ ከተከለ ሰው የተገኘውም በቀረጥ ይቅለልለት። ሦስተኛ፥ እህልና የእህል ማሳ ለመንኰራኵር አይሰጥ፤ የተረፈውም አስቀድሞ ለምድጃ ይሁን። ዐራተኛ፥ ክልከላ ከምትክ በፊት አይውጣ፤ ዛሬ በከሰል የሚኖር አክሳይም የሚተክለው ችግኝና ችግኙ እስኪደርስ የሚኖርበት ነገር ሳይሰጠው ከሥራው አይባረር።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ነው፤ የሚያስገድደው ባለ ብዙ ገንዘቡን አገር ነውና። በጎረቤታሞች ዘንድ ሁልጊዜ አንዱ ይበልጣል፤ ትልቁ ከተማ በእርሱ ዘንድ ነው፥ የሚከፍለውም እርሱ ነው። ብርቱው ጎረቤት ቢወድድ በአንድ ትእዛዝ የደካማውን ደን የራሱ የማገዶ ጓሮ ሊያደርገው ይችላል፤ ምንም ጦር ሳያዘምት፥ ከናይሮቢ የተላከ ጥሬ ገንዘብ ብቻ በአቾሊ ሜዳ ላይ ዛፍ ይጥላል። ስለዚህ የዚህ ገበያ ቅንነት የሚለካው በሚሸጠው ማገዶ ብዛት ሳይሆን፥ ብርቱው ለራሱ ዛፍ ያወጣውን ሕግ ለደካማው ዛፍ ማክበሩን በማየት ነው። ይህ በጎ አድራጎት አይደለም፤ ዕዳ ነው።

እሳት ሊጭር የመጣ ልጅ ገል ይዞ ይመጣል እንጂ ምሳር ይዞ አይመጣም። ባለቤቲቱም ገና ከደጅ ቆሞ ሳለ የልጁን እጅ አይታ ስለ ምን እንደ መጣ ታውቃለች። ጎረቤታሞች አገሮችም ስለ ማገዶ ሊማከሩ ሲቀመጡ፥ የንግግራቸው ማማር ሳይሆን በእጃቸው የያዙት ነገር ይታይ።